ውሃና ብረት ሲገናኙ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በኢትዮጵያ ከከተማ እስከ ገጠር የቆርቆሮ ክዳን የሌለበት መንደር ማግኘት አዳጋች ነው። ቆርቆሮ መሠረቱ ብረት ሆኖ በላዩ ላይ ስስ የዚንክ ልባስ አለው። ሠራተኛ ምስማር ሲመታ ልባሱ ቢላጥ፣ ወይም ልጆች የወረወሩት ድንጋይ ቢጭረው፣ ብልጭ ያለው ብረት ወዲያው አይዝግም። በዙሪያው ያለው ዚንክ ራሱ እየተበላ ያተርፈዋል። ጣሪያው መቅላት የሚጀምረው የሚበላው ዚንክ ሲያልቅ ነው። ይህን ለማየት የኬሚስትሪ ትምህርት አያስፈልግም፤ የቀላ ጣሪያ ያረጀ ጣሪያ መሆኑን ባለቤቱ ከማንም ቀድሞ ያውቃል። ይሁን እንጂ አንዱ ማዕድን ለሌላው ሲል ለምን እንደሚበላ ለመረዳት የሰው ልጅ ረጅም ዘመን ፈጅቶበታል። ከተረዳው በኋላም ዕውቀቱን በትክክለኛው ጊዜና በትክክለኛው ቦታ በሥራ ላይ ማዋል ሌላ ፈተና ሆኖበታል። የዚህ ንግግር ዋና ጉዳይ ይኸው ሁለተኛው ፈተና ነው።

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይላል የአገሩ ሰው። ይህ አባባል ለወንዝ ተሻጋሪ ብቻ ሳይሆን ቧንቧ ለሚዘረጋ መሐንዲስም የተነገረ ይመስላል። ቧንቧ በአንድ ሌሊት አይበላም። ድምፅ አያሰማም፤ ምልክቱም ብዙ ጊዜ ከመሬት በታች ነው። ጉዳቱ ለዓይን ሲገለጥ ሥራው ካለቀ ቆይቷል። ለዚህም ነው ስለ ዝገት የሚደረግ ማንኛውም ውይይት ከሚታየው ጉዳት አልፎ በማይታየው ጊዜ ማን ምን ያውቅ እንደ ነበረ መጠየቅ ያለበት።

በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ከወዲሁ ይታወቅ።

የዝገት ምንነት

ብረት በተፈጥሮ ንጹሕ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ከኦክሲጅንና ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ጋር ተዋሕዶ በቀይ አፈርና በድንጋይ መልክ ይገኛል። የጥንቱ ብረት አቅላጭ በከሰልና በወናፍ፣ የዛሬው ፋብሪካ በታላላቅ ምድጃዎች ይህን ውሕደት በሙቀት ኃይል ይለያያል። ለመለያየት የወጣው ኃይል ግን እንደ ዕዳ ሆኖ ከብረቱ ጋር ይኖራል። ዝገት ማለት የዚህ ዕዳ መከፈል ነው፤ ብረቱ ቀስ በቀስ ወደ ነበረበት አፈር ይመለሳል። ስለዚህ መሐንዲሱ ዝገትን ፈጽሞ ሊያስቀር አይችልም። ሊያዘገየው፣ የት እንደሚሆን ሊመርጥለትና ዋጋውን ሊቀንሰው ግን ይችላል።

ይህ ወደ አፈር የመመለስ ጉዞ በውሃ ውስጥ የሚካሄደው በኤሌክትሪክ መንገድ ነው። ብረቱ በአንድ ሥፍራ አቶሞቹን በአዮን መልክ ወደ ውሃው ይለቃል። በዚያ የቀሩት ኤሌክትሮኖች በብረቱ ውስጥ ተጉዘው በሌላ ሥፍራ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ያገኛሉ። የፊተኛው ሥፍራ አኖድ፣ የኋለኛው ካቶድ ይባላል። ውሃው አዮኖችን በማመላለስ ዑደቱን ያሟላል። እንግዲህ በውሃ ውስጥ የተቀመጠ እያንዳንዱ የብረት ቁራጭ እንደ ባትሪ ድንጋይ ነው፤ የሚያበራው መብራት የለም እንጂ ራሱን እየበላ ኤሌክትሪክ ያመነጫል።

በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ይመራመር የነበረው ኡሊክ ኢቫንስ በ1920ዎቹ ዓመታት ይህን እጅግ ቀላል በሆነ ሙከራ አሳይቷል። በተወለወለ ብረት ላይ አንዲት የጨው ውሃ ጠብታ ትቀመጣለች። በጠብታዋ ውስጥ ሁለት አመልካች ኬሚካሎች አሉ፤ አንደኛው ብረት በሚሟሟበት ቦታ ሰማያዊ ቀለም ያወጣል፣ ሁለተኛው ኦክሲጅን በሚበላበት ቦታ ሮዝ ቀለም ያወጣል። ጥቂት ቆይቶ የጠብታዋ መሐል ሰማያዊ፣ ዳርቻዋ ሮዝ ይሆናል፤ በሁለቱ መካከልም ቡናማ የዝገት ቀለበት ይታያል። ብረቱ የሚበላው እንደሚጠረጠረው አየር በሚደርስበት በዳር ሳይሆን አየር በሚያጥርበት በመሐል ነው።

ከዚህች ጠብታ የተገኘው ትምህርት በአያሌ አሮጌ ቧንቧዎች ውስጥ ይነበባል። በቧንቧው ግድግዳ ላይ እንደ ኪንታሮት የተደረደሩት የዝገት ጉብታዎች ከሥራቸው ያለውን ብረት ከኦክሲጅን ይጋርዱታል። የተጋረደው ቦታ አኖድ ይሆናል፤ በዙሪያው ያለው ሰፊ ገጽ ደግሞ ካቶድ ይሆናል። ስለሆነም ቧንቧው በእኩልነት አይሳሳም፤ በአንድ ነጥብ ላይ ወደ ውስጥ ይቆፈራል። አንድ ቧንቧ ከክብደቱ እምብዛም ሳይጎድል በአንዲት ቀዳዳ ከአገልግሎት ውጭ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የውሃውም ጠባይ እንዲሁ ይመረመራል። በውስጡ የሟሟው ጨው፣ የአሲድነቱ መጠን፣ የሚይዘው ኦክሲጅን፣ ሙቀቱና ፍጥነቱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ቆርቆሮን የሚጠብቀው ዚንክ እንኳ፣ በአንዳንድ ውሃዎች ውስጥ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲያልፍ ጠባዩን ለውጦ፣ መጠበቁን ትቶ ብረቱን የሚያስበላበት ጊዜ አለ። ስለዚህ «ይህ ብረት አይዝግም» ወይም «ይህ ውሃ ብረት አይበላም» የሚል አነጋገር በሙያው ዘንድ ትርጉም የለውም። ትርጉም ያለው ጥያቄ «ይህ ብረት በዚህ ውሃ ውስጥ ምን ይሆናል?» የሚለው ነው። ከሁለቱ አንዱ በተለወጠ ቁጥር ጥያቄው እንደ አዲስ መነሣት አለበት።

ከመርከብ የተገኘ ትምህርት

ይህ ጥያቄ በግልጽ የተነሣው በባሕር ላይ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንጨት መርከቦችን ሠርሣሪ የባሕር ትል እየበላ ስላስቸገረ፣ የእንግሊዝ የባሕር ኃይል በ1761 «አላርም» የተባለችውን መርከብ ከታች በመዳብ ዝርግ አለበሳት። መርከቧ በሞቃት ባሕር ቆይታ በ1763 ስትመረመር መዳቡ ደኅና ነበር፤ መዳቡን የያዙት የብረት ምስማሮች ግን ተበልተው አልቀዋል። መርማሪዎቹ አንድ እንግዳ ነገር አስተዋሉ። መዳቡ ሲመጣ የተጠቀለለበት ቡናማ ወረቀት ሳይነሣ በመዳቡና በምስማሩ መካከል በቀረበት ቦታ ምስማሩ ጤነኛ ነበር። ጋልቫኒና ቮልታ ስለ ኤሌክትሪክ ገና ምንም ባልጻፉበት ዘመን፣ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ሁለት የተለያዩ ብረታ ብረቶች በጨው ውሃ ውስጥ መነካካት እንደሌለባቸው አስተማረች።

ከ60 ዓመት በኋላ የባሕር ኃይሉ መዳቡ ራሱ በባሕር ውሃ እንደሚበላ በማመልከት ከሳይንቲስቶች ምክር ጠየቀ። ሥራውን የተቀበለው ሰር ሐምፍሪ ዴቪ ነበር። ዴቪ በ1824 ለሮያል ሶሳይቲ ባቀረበው ጥናት፣ አተር የምታህል የዚንክ ቁራጭ ከ40 እስከ 50 ካሬ ኢንች የሚሆን መዳብ ከመበላት ልታድን እንደምትችል አስረዳ። ዛሬ በእያንዳንዱ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚሠራው ሕግ ይኸው ነው። ሙከራው በመርከቦች ላይ ሲፈጸም መዳቡ በእርግጥም መበላቱን አቆመ።

ነገር ግን ያልታሰበ ነገር ደረሰ። መዳቡ ጥቂት በጥቂት ይሟሟ በነበረበት ጊዜ በመርከቡ ሆድ ላይ የሚጣበቁትን የባሕር ዕፅዋትና ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረታት ይመርዛቸው ነበር። መሟሟቱ ሲቀር መርዙም ቀረ። የመርከቦቹ ሆድ በዕፅዋትና በቅርፊት ተሸፈነ፤ ፍጥነታቸውም ቀነሰ። የባሕር ኃይሉ በ1825 መከላከያዎቹ እንዲነሡ አዘዘ፤ ዴቪም ተወቀሰ። እርሱ የተጠየቀው መዳቡን እንዲያድን ነበር፤ አድኖታልም። መርከብ የሚሠራው ለመሄድ መሆኑን በጥያቄው ውስጥ ያስገባ ሰው ግን አልነበረም።

የዴቪ መርሕ ከውድቀቱ ጋር አልተቀበረም። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1928፣ ሮበርት ኩን የተባለ መሐንዲስ በኒው ኦርሊንስ የተቀበረ የጋዝ ቧንቧን በኤሌክትሪክ ፍሰት ከዝገት መጠበቅ እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉ ታላላቅ የነዳጅና የጋዝ ቧንቧዎች፣ የወደብ ምሰሶዎችና መርከቦች በዚሁ ዘዴ ይጠበቃሉ። ሳይንሱ ትክክል ነበር፤ የጎደለው የሥራውን ሙሉ ገጽታ አስቀድሞ ማየት ነበር።

ዕውቀቱ ሲሰባሰብ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የዝገት ዕውቀት በፍጥነት አደገ። በ1903 አሜሪካዊው ዊሊስ ዊትኒ የብረት ዝገት በመሠረቱ የኤሌክትሪክ ሂደት መሆኑን ጻፈ። በ1936 ዊልፍሬድ ላንግሊየር አንድ ውሃ የኖራ ቅርፊት የሚያስቀምጥ ወይም የሚያሟሟ መሆኑን ለመገመት የሚያስችል የስሌት መለኪያ አወጣ። በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ለእመቤቲቱ ችግር ነው፤ በቧንቧ ግድግዳ ላይ በስሱ ሲለበስ ግን ብረቱን ከውሃው ይለያል። ቤልጂጋዊው ማርሴል ፑርቤ ደግሞ እያንዳንዱ ማዕድን በየትኛው የአሲድነት መጠንና በየትኛው የኤሌክትሪክ አቅም እንደሚሟሟ፣ መቼ በራሱ ቅርፊት እንደሚሸፈንና መቼ ምንም እንደማይነካው የሚያመለክቱ ንድፎችን አዘጋጀ። ንድፎቹ በ1963 በአትላስ መልክ ታትመው ወጡ።

ይህ ዕውቀት በየሙያው ተበታትኖ መኖሩ ጉዳት እንዳለው ስለታወቀ፣ በ1961 የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የብረታ ብረት ዝገት ጉባኤ በለንደን ተካሄደ። ሁለተኛው በ1963 በኒው ዮርክ፣ ሦስተኛው በ1966 በሞስኮ ቀጠለ። ዘመኑ ምሥራቅና ምዕራብ በጎሪጥ የሚተያዩበት ዘመን ነበር። ይሁን እንጂ ዝገት በሁለቱም ወገን ቧንቧ ይበላ ነበርና ባለሙያዎቹ ተሰባስበው ተወያዩ። የእንዲህ ያለው ጉባኤ ዋና ጥቅም ጥናት ማንበቡ ብቻ አይደለም፤ ጥናት በጽሑፍም ይነበባል። ጥቅሙ የውሃ ኬሚስቱ፣ የብረት አጥኚው፣ ቧንቧ የሚዘረጋውና ቧንቧ የሚጠግነው ባለሙያ የሚነጋገሩበት አንድ አዳራሽ መኖሩ ነው።

ለዚህም ማስረጃ የሚሆነው በእንግሊዝ በዶክተር ቲ. ፒ. ሆር ሰብሳቢነት የተቋቋመው ኮሚቴ በ1971 ያወጣው ሪፖርት ነው። ኮሚቴው ዝገት አገሪቱን በዓመት 1,365 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ማለትም ከጠቅላላ ምርቷ 3.5 በመቶ ያህሉን እንደሚያስወጣት ገመተ። ከዚህም ውስጥ 310 ሚሊዮን ፓውንድ ያህሉ ሊድን የሚችል መሆኑን ገለጸ። የሚድነውም በአዲስ ግኝት ሳይሆን በጊዜው የነበረውን ዕውቀት በተሻለ መንገድ በማሠራጨትና በመጠቀም ነው። በ2016 የወጣ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናትም የዓለምን የዝገት ወጪ በዓመት 2.5 ትሪሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገምቶ፣ ከ15 እስከ 35 በመቶ የሚሆነው በሚታወቁ ዘዴዎች ሊድን እንደሚችል አመልክቷል። በሁለቱ ጥናቶች መካከል 45 ዓመታት አልፈዋል፤ መደምደሚያቸው ግን አንድ ነው። ትልቁ ጉድለት ያለው በላቦራቶሪ ውስጥ ሳይሆን በላቦራቶሪውና በቧንቧው መካከል ባለው መንገድ ላይ ነው።

ውሃው ሲለወጥ

የዚህ መንገድ መቋረጥ ምን እንደሚያስከትል በቅርብ ዘመን በሁለት የአሜሪካ ከተሞች ታይቷል።

የመጀመሪያዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ዋሽንግተን ናት። በ2000 መጨረሻ የከተማዋን ውሃ የሚያጣሩት ባለሙያዎች በክሎሪን ፋንታ ክሎራሚን መጠቀም ጀመሩ። ምክንያታቸው በጎ ነበር፤ ክሎሪን በውሃ ውስጥ ካሉ የተፈጥሮ ብስባሾች ጋር ሲገናኝ የሚፈጠሩትን ጎጂ ውሑዶች ለመቀነስ ነበር። ነገር ግን ጠንካራው ክሎሪን ለብዙ ዓመታት በእርሳስ ቧንቧዎች ውስጥ የማይሟሟ የእርሳስ ኦክሳይድ ቅርፊት አቆይቶ ነበር። ክሎሪኑ ሲነሣ ቅርፊቱ መሟሟት ጀመረ፤ በብዙ ቤቶች ውሃ ውስጥም የእርሳስ መጠን ከተፈቀደው በላይ ወጣ። ሕዝቡ ነገሩን በስፋት የሰማው በ2004 መጀመሪያ ነው። በዚያው ዓመት ፎስፌት በውሃው ላይ እንዲጨመር ተደርጎ መጠኑ ቀስ በቀስ ወረደ። ውሃው በማጣሪያው በር ላይ ሲለካ ከቀድሞው የተሻለ ነበር። ጉዳቱ የደረሰው ከበሩ በኋላ፣ ማንም በማያየው ቧንቧ ውስጥ ነው።

ሁለተኛዋ በሚችጋን ግዛት የምትገኘው፣ መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ የነበራት ፍሊንት ናት። በመኪና ፋብሪካዎቿ የታወቀችው ይህች ከተማ ገቢዋ ተዳክሞ ግዛቱ በሾመው የአስቸኳይ ጊዜ ሥራ አስኪያጅ ትተዳደር ነበር። ለብዙ ዓመታት ከዲትሮይት የተጣራ የሂውሮን ሐይቅ ውሃ ትገዛ ነበር። ወጪ ለመቆጠብ ሲባል፣ አዲስ መስመር እስኪሠራ ድረስ የፍሊንትን ወንዝ ውሃ እንድትጠቀም ተወሰነ። ለውጡም ኤፕሪል 25 ቀን 2014 ተፈጸመ።

የዲትሮይቱ ውሃ በቧንቧዎች ግድግዳ ላይ መከላከያ ቅርፊት የሚያቆይ ፎስፌት ይጨመርበት ነበር። በአዲሱ ውሃ ላይ ግን አልተጨመረም። በተጨማሪም የወንዙ ውሃ ከተጣራ በኋላ የያዘው ክሎራይድ ከዲትሮይቱ ስምንት እጥፍ ያህል ነበር፤ ክሎራይድ ደግሞ የብረት ዝገትን የሚያፋጥን ጨው ነው። የቆየው ቅርፊት መበታተን ጀመረ። ከብረት ቧንቧዎች ዝገት፣ ከመንገድ ወደ ቤት ከሚገቡት የእርሳስ ቧንቧዎችና ከብየዳዎች እርሳስ ወደ ውሃው ገባ። የሚዝገው ብረት በውሃው ውስጥ ያለውን ክሎሪን ስለሚበላ ባክቴሪያም የሚከላከለው አጣ።

ነዋሪዎቹ ውሃው መደፍረሱንና መሽተቱን፣ ልጆቻቸውም ቆዳቸው ሽፍ ማለቱን ተናገሩ። ባለሥልጣናቱ ውሃው ደረጃውን የጠበቀ መሆኑን መለሱ። በኦክቶበር 2014 በከተማዋ የሚገኘው የጄኔራል ሞተርስ የሞተር ፋብሪካ ውሃው የሞተር ክፍሎችን እያዛገበት መሆኑን ገልጾ ከሌላ አቅርቦት ውሃ እንዲያገኝ ተፈቀደለት። ይህ ቀን በዝገት ታሪክ ውስጥ ሊታወስ ይገባዋል። ለሞተር ብረት የማይስማማ ውሃ ለቤት ቧንቧ ብረት እንዴት ሊስማማ እንደሚችል የጠየቀ፣ ጥያቄውንም እስከ መልሱ የተከታተለ ኃላፊ አልተገኘም። ነዋሪዎቹ ያንኑ ውሃ አንድ ዓመት ያህል ጠጡት።

በ2015 መጀመሪያ በአንዲት እናት ቤት ውሃ ውስጥ በሊትር 104 ማይክሮግራም እርሳስ ተገኘ፤ በማርች ወር እንደገና ሲለካ 397 ሆነ። በአሜሪካ ሕግ እርምጃ የሚያስወስደው መጠን 15 ነበር። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ሚጌል ዴል ቶራል በጁን ወር የዝገት መከላከያ አለመጨመሩን በጽሑፍ አስጠነቀቀ። የቨርጂኒያ ቴክ ፕሮፌሰር የሆነው ማርክ ኤድዋርድስ፣ የዋሽንግተኑንም ጉዳይ የመረመረ ሰው፣ ከተማሪዎቹና ከነዋሪዎቹ ጋር ከ250 በላይ ቤቶችን ውሃ መረመረ። የሕፃናት ሐኪሟ ዶክተር ሞና ሐና አቲሻ ባወጣችው ጥናት፣ በደማቸው ውስጥ ከፍተኛ እርሳስ የተገኘባቸው ሕፃናት ድርሻ ከ2.4 ወደ 4.9 በመቶ ማደጉን አሳየች። ኦክቶበር 16 ቀን 2015 ከተማዋ ወደ ዲትሮይት ውሃ ተመለሰች። በእነዚያ ሁለት ዓመታት በአካባቢው በተነሣው የሌጂዮኔር የሳንባ በሽታ ቢያንስ 12 ሰዎች ሞተዋል። በኋላም ለተጎዱት ነዋሪዎች 626 ሚሊዮን ዶላር የካሣ ስምምነት በ2021 ጸደቀ። ሊጨመር ይገባው የነበረው ፎስፌት ዋጋ ከዚህ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

እዚህ ላይ መታሰብ ያለበት፣ በፍሊንት የጎደለ ሳይንስ አለመኖሩ ነው። የክሎራይድ ጠባይ፣ የፎስፌት ጥቅም፣ የእርሳስ መርዝነት ሁሉ ከብዙ ዓመታት ጀምሮ በመጻሕፍት የሠፈረ ነበር። የዋሽንግተኑ መከራም ካለፈ ገና አሥር ዓመቱ ነበር። የጎደለው ውሃውን የለወጠው ሰው ስለ ቧንቧው መጠየቁ፣ ስለ ቧንቧው የሚያውቀውም ሰው በውሳኔው ጠረጴዛ ዙሪያ መገኘቱ ነው።

በአፍሪካ ጉድጓዶች

ይህ ነገር የበለጸጉ አገሮች ጉዳይ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ከ1981 እስከ 1990 ያለውን ጊዜ የመጠጥ ውሃና የንጽሕና አሥርት ዓመታት ብለው በሰየሙበት ዘመን፣ በአፍሪካ ገጠሮች እጅግ ብዙ የእጅ ፓምፖች ተተክለው ነበር። የብዙዎቹ የውሃ መሳቢያ ቧንቧና ዘንግ በዚንክ የተለበጠ ብረት ነበር። ሆኖም በአንዳንድ አካባቢዎች ውሃው ቀይ እየሆነ፣ የብረት ጣዕም እያመጣ፣ የተቀቀለውንም ምግብ እያጠቆረ መንደርተኛው ፓምፑን ትቶ ወደ ኩሬው ተመለሰ።

በዓለም ባንክና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ በምዕራብ አፍሪካ የተደረገ ጥናት ምክንያቱን አስረዳ። የውሃው ፒ.ኤች. ከ6.5 በታች በሆነበት ጉድጓድ የዚንክ ልባስ ብረቱን ሊያድነው አይችልም። በውሃው ውስጥ የታየውም ብረት በብዙ ቦታ ከመሬት የመጣ ሳይሆን ከፓምፑ የተበላ ነበር። ይህን ለመለየት የተገኘው ዘዴ ማንም ሊሠራው የሚችል ነው። ፓምፑ ሌሊቱን ቆሞ ሲያድር ጧት መጀመሪያ የወጣው ውሃ የብረት መጠን ይለካል፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ከተቀዳ በኋላ እንደገና ይለካል። መጠኑ በብዙ ከወረደ ጥፋቱ የፓምፑ ነው፤ ካልወረደ የመሬቱ ነው። በዚህ ምክንያት የፕላስቲክ ቧንቧና የማይዝግ ብረት ዘንግ ያላቸው ፓምፖች እየተመረጡ መጡ። በኢትዮጵያ ገጠሮች በስፋት የተተከለው አፍሪዴቭ ከእነዚህ አንዱ ነው።

የኢትዮጵያ ከተሞችም ከጥያቄው ነጻ አይደሉም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ወደ ቤተ መንግሥቱ የቧንቧ ውሃ ሲያስገባ ውሃው ከአንድ ምንጭ ወደ አንድ ቦታ ይሄድ ነበር። የዛሬዋ አዲስ አበባ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች የዝናብና የወንዝ ውሃ፣ ከአቃቂና ከሌሎችም ጉድጓዶች የከርሰ ምድር ውሃ ታገኛለች። የግድብ ውሃና የጉድጓድ ውሃ በያዙት ማዕድን ይለያያሉ። በስምጥ ሸለቆ ያሉ ከተሞች ውሃ ደግሞ በፍሎራይድና በሶዲየም ባይካርቦኔት የታወቀ ነው። አንድ ቧንቧ ለሃያ ዓመት የለመደው ውሃ በአንድ የመስመር ለውጥ ሌላ ሊሆንበት ይችላል። ውሃ በፈረቃ በሚዳረስበት ሰፈር ደግሞ ቧንቧው ባዶ በሚሆንበት ሰዓት አየር ይገባበታል፤ እርጥብ ብረትና አየር ሲገናኙ የሚሆነው ከላይ ተነግሯል። ፈረቃው ሲመለስ መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ቡናማ መሆኑን ለማንም የቤት እመቤት ማስረዳት አያስፈልግም። የፕላስቲክ ቧንቧ መስፋፋቱም ጥያቄውን አያስቀረውም፤ ቫልቩ፣ ቆጣሪው፣ ፓምፑ፣ መገጣጠሚያውና በየጣሪያው ያለው የብረት ታንከር አሁንም ከውሃው ጋር ይገናኛሉ።

ለሥራው የሚጠቅሙ ልማዶች

ከእነዚህ ሁሉ ታሪኮች ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ጥቂት ልማዶች ይገኛሉ።

በመጀመሪያ፣ አንድ ከተማ የውሃ ምንጩን ወይም የማጣሪያ ኬሚካሉን ከመለወጡ በፊት፣ ከነባሩ መስመር ላይ በተቆረጡ አሮጌ ቧንቧዎች ውስጥ አዲሱን ውሃ ለወራት እያዞሩ መሞከር ይገባል። አዲስ ቧንቧ ለዚህ ሙከራ አይበቃም፤ የሚመረመረው በአሮጌው ግድግዳ ላይ ያለው ቅርፊት ነውና።

ሁለተኛ፣ ለጥገና የተቆረጠ ቧንቧ ሁሉ የት፣ መቼና ከስንት ዓመት አገልግሎት በኋላ እንደ ወጣ ተጽፎበት ለሁለት ተሰንጥቆ መታየት አለበት። ለአሮጌ ብረት ነጋዴ ከመሸጡ በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት የከተማው መሐንዲስ ሊያገኘው የሚችል ርካሽ ላቦራቶሪ ነው።

ሦስተኛ፣ በልኬት የተመዘኑ ትናንሽ የብረት ቁራጮችን በመስመሩ ውስጥ አስቀምጦ በየጊዜው እያወጡ መመዘን፣ ውሃው ምን ያህል እየበላ እንደሆነ ቀዳዳ ከመውጣቱ በፊት ያሳውቃል።

አራተኛ፣ የደንበኞች አቤቱታ ለይቅርታ ደብዳቤ ብቻ ሳይሆን ለካርታ መዋል አለበት። የደፈረሰ ውሃ የታየበት ቤት፣ ቀኑና ሰዓቱ በከተማው ካርታ ላይ ሲሠፍር መስመሩ የት እንደሚበላ ያመለክታል። ነጭ ነጠላዋን አጥባ ቡናማ ሆኖ ያገኘችው ሴት የዝገትን መጀመሪያ ከማንም ባለሙያ ቀድማ አይታዋለች። ቃሏ እንደ ልኬት ሊመዘገብ ይገባዋል።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፣

ዴቪ የተጠየቀውን በሚገባ መለሰ፤ የዋሽንግተን ባለሙያዎችም ሊቀንሱት የፈለጉትን ጎጂ ነገር ቀነሱ። ሁሉም በየክፍላቸው ትክክል ሊሆኑ ይችሉ ነበር። ጉዳቱ የደረሰው በክፍሎቹ መካከል ባለው ቦታ፣ ማንም የእኔ ነው በማይለው ቦታ ነው። ውሃና ብረት ግን የመሥሪያ ቤት ክፍፍል አያውቁም፤ ሳይነጋገሩ ይገናኛሉ። እነርሱ ከመገናኘታቸው በፊት ስለ ውሃው የሚያውቀውና ስለ ብረቱ የሚያውቀው ሰው መገናኘት አለባቸው። የሙያ ማኅበር ከአባልነት መታወቂያና ከዓመታዊ ግብዣ ያለፈ ጥቅም ካለው ይህን መገናኛ መስጠቱ ነው።

በመጪው ዓመት በየትም ሥፍራ የውሃ ምንጭ ለመለወጥ፣ አዲስ ጉድጓድ ወደ ነባር መስመር ለማስገባት ወይም የማጣሪያ ኬሚካል ለመቀየር የሚወስን ሰነድ በአንድ አባል ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ፣ ከፊርማው በፊት አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፦ ይህ ውሃ የሚያልፍበት ቧንቧ ከምን የተሠራ ነው? ማንስ አይቶታል?